ጥቁር ድንጋይና የኖራ ድንጋይ፦ የስምንት ሳምንት የሥራ ማስታወሻ ከደሴ

ሳምንት 1፣ ጥቅምት 2017

የሥራው ዓላማ አንድ ገሞራ አለትና አንድ ደለል አለት ጎን ለጎን አዘጋጅቶ ማቅረብ ነው። የሁለቱም አንድ ገጽ ተቆርጦ ይለሰልሳል፣ ሌላው ገጽ እንደተሰበረ ይቀራል፤ ክብደታቸው፣ ጥንካሬያቸውና ውሃ የመምጠጥ መጠናቸው ተለክቶ በአንድ ጣውላ ላይ ይጻፋል። የማስተምራቸው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ገሞራ አለት ከቅልጥ አለት መቀዝቀዝ፣ ደለል አለት ደግሞ ከዝቃጭ መከማቸት እንደሚፈጠር በቃላቸው ይወጡታል፤ ሁለት ድንጋይ በእጃቸው ሲሰጣቸው ግን አንዱን ከሌላው መለየት ያቅታቸዋል። ጦሳ ተራራን በየቀኑ እያዩ ላደጉ ልጆች ይህ መሆኑ ያሳዝነኛል።

የገሞራውን ናሙና ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። ጎረቤቴ አጥር ሲያሠሩ የተረፈ ጥቁር ድንጋይ ከቤቴ በር አጠገብ ተከምሮ ስለነበር አስፈቅጄ ሁለት ወሰድኩ። ግንበኛው ጥቁር ድንጋይ የሚለው በመማሪያ መጽሐፉ ባዛልት የሚባለውን ነው። ባለ አንድ ኪሎ መዶሻ በቤት ነበረኝ፤ መሮ በ250 ብር፣ የዓይን መከላከያ መነጽር በ180 ብር፣ አሥር እጥፍ የሚያጎላ አጉሊ መነጽር በ600 ብር፣ ዲጂታል የኩሽና ሚዛን ደግሞ በ1,300 ብር ከፒያሳ ገዛሁ። ድምሩ 2,330 ብር ሆነ።

የመጀመሪያው ስህተት የተፈጸመው ገና በዚህ ሳምንት ነው። ድንጋዩን ሳልሰብር ላዩን ብቻ አይቼ «ቀለሙ ቡናማ፣ በምስማር ሲፋቅ ዱቄት የሚሰጥ» ብዬ መዘገብኩ። በሦስተኛው ቀን በመዶሻ ስሰብረው ውስጡ ወደ ሰማያዊ የሚወስድ ጥቁር ሆኖ ተገኘ፤ ቡናማው ቀለም ከውጭ ወደ ውስጥ አራት ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ የገባ ቅርፊት ነበር። በድንጋዩ ውስጥ ያለው ብረት ከአየርና ከውሃ ጋር ሲገናኝ ይዝጋል፣ ማዕድናቱም ቀስ በቀስ ወደ ሸክላ አፈር ይለወጣሉ፤ እኔ የመዘገብኩት እንግዲህ የድንጋዩን ሳይሆን የዝገቱን ጠባይ ነው። ያንን ገጽ ሰረዝኩት። ከዚህ በኋላ አዲስ የተሰበረ ገጽ የሌለውን ናሙና አልመዘግብም።

በአጉሊ መነጽር ሲታይ ትኩስ ስብራቱ ላይ ብርሃን ሲያርፍበት ብልጭ የሚሉ ስንጥር የመሰሉ ደቃቅ ነጭ ክሪስታሎች ይታያሉ። እነዚህ የፌልድስፓር ማዕድን ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ጥቁር ክፍል ግን እጅግ ከመድቀቁ የተነሳ በእኔ መነጽር አይለይም። ላቫ፣ ማለትም ከመሬት ውስጥ የወጣው ቅልጥ አለት፣ መሬት ላይ ፈስሶ ፈጥኖ ስለሚቀዘቅዝ ክሪስታሎቹ ለማደግ ጊዜ አያገኙም።

ሳምንት 2

ቅዳሜ ወደ ኮምቦልቻ የምሄድበት ጉዳይ ስለነበረኝ በመንገዴ ሐረጎ ላይ ከሚኒባስ ወረድኩ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኙ መንገዱ በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ብዙ ይወርዳል፤ ለመንገድ ሥራው የተቆረጠው ገደልም የድንጋዩን ውስጥ እንደ ተከፈተ መጽሐፍ ያሳያል።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ስህተቴን አገኘሁት። ገደሉ ንብርብር ነው፤ ጥቁር ንብርብር፣ ከዚያ ቀጭን ቀይ መስመር፣ ከዚያ እንደገና ጥቁር። ባለፉት ዓመታት ለተማሪዎቼ «ንብርብር ካያችሁ ደለል አለት ነው» ብዬ አስተምሬአለሁ፤ በዚያ አባባል ከሄድን ሐረጎ ሁሉ ደለል አለት ሊባል ነው። ቀረብ ብዬ ስመለከት ግን የእያንዳንዱ ጥቁር ንብርብር መካከሉ ድፍን፣ አናቱ ደግሞ እንደ እንጀራ ዓይን በቀዳዳ የተሞላ ነው። ቀዳዳዎቹ ላቫው ሲፈስስ ለመውጣት ሲታገሉ የነበሩ የጋዝ አረፋዎች ናቸው፤ ወደ ላይ ስለሚወጡ አናቱ ላይ ይበዛሉ። ቀዩ መስመር በሁለት ፍሳሾች መካከል በነበረው የጸጥታ ዘመን የተፈጠረ አፈር ነው፤ ቀጥሎ የመጣው ላቫ ሸፍኖ እንደ ሸክላ ጠብሶታል። ስለዚህ እያንዳንዱ ንብርብር አንድ የላቫ ፍሳሽ ነው። የሰሜኑን የኢትዮጵያ ደጋ የሸፈነው ይህ ባዛልት በአብዛኛው የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን ውፍረቱ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል።

ሰኞ ዕለት ክፍል ገብቼ ያንን ዓረፍተ ነገር አስተካከልኩ። ከገደሉ ሥር ከወደቀው ፍርስራሽ ነጭ ነጠብጣብ የበዛበት አንድ ቁራጭ ባዛልት ይዤ መጥቻለሁ፤ ለጊዜው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

ሳምንት 3

ደለል አለት ማግኘት ከጠበቅኩት በላይ አስቸገረኝ። በደሴ ዙሪያ መዶሻ ያረፈበት ድንጋይ ሁሉ ገሞራ ነው። ከደሴ በስተሰሜን ውጫሌ አካባቢ በላቫ ንብርብሮች መካከል ሊግናይት የተባለ የድንጋይ ከሰል ይገኛል፤ ከዕፅዋት ቅሪት የተከማቸ በመሆኑ ከደለል ወገን ነው፤ ነገር ግን ሲደርቅ ስለሚሰነጣጠቅና ስለሚፈረፈር ተቆርጦ ለመለስለስ አይሆንም። ስለዚህ ኮምቦልቻ ወዳለ አንድ የእምነ በረድ መቁረጫ ቤት ሄጄ ከቁርጥራጩ ክምር ውስጥ የኖራ ድንጋይ ይኖር እንደሆነ ጠየቅኩ።

«መምህር፣ እኔ ዘንድ የሚያብረቀርቅ ሁሉ እምነ በረድ ነው» አሉኝ ባለቤቱ። «ነጩም አለ፣ ግራጫውም አለ። አብሽር፣ የወደድከውን ምረጥ።»

ነጩን መረጥኩ፤ 350 ብር ከፈልኩ። ቤት ስደርስ ስብራቱን በመነጽር አየሁት፤ እንደ ስኳር የሚያብለጨልጩ፣ እርስ በርሳቸው የተቆላለፉ እኩል ክሪስታሎች እንጂ አንድም የዛጎል ምልክት፣ አንድም የንብርብር መስመር የለበትም። እውነተኛ እምነ በረድ ነው። እምነ በረድ ጥንት የኖራ ድንጋይ ሆኖ ሳለ በመሬት ውስጥ ሙቀትና ግፊት እንደገና ክሪስታል የሆነ ልውጥ አለት ስለሆነ ለእኔ ንጽጽር አይሆንም። ስህተቱ የሻጩ አይደለም፤ በንግዱ ዓለም ተወልውሎ የሚያብረቀርቅ የኖራ ድንጋይም በዚያው ስም ስለሚሸጥ ከመክፈሌ በፊት መነጽሬን ማውጣት የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ጉዳዩን የከባድ መኪና ሹፌር ለሆኑት አጎቴ በስልክ ስነግራቸው «ታዲያ ዓባይ በረሃ ሞልቶ የለም እንዴ!» አሉኝ። በሳምንቱ መጨረሻ ከደጀን በኩል ሁለት ትልልቅ ድንጋዮች በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው አመጡልኝ። «ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ ስትወርድ መጀመሪያ የምታገኘው ጥቁሩን ነው፤ ዝቅ እያልክ ስትሄድ ነጩ ይመጣል። ወደ ደጀን ስትወጣም እንዲሁ ነው፤ ነጩን ጨርሰህ ጥቁሩ ላይ ትደርሳለህ» ብለው አስረዱኝ። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አልፈልግም። የኖራ ድንጋዩ በጁራሲክ ዘመን አካባቢው በባሕር ተሸፍኖ ሳለ የተከማቸ ሲሆን ዕድሜው ከ145 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው፤ ባዛልቱ ደግሞ ብዙ ቆይቶ መጥቶ ከላዩ ፈሰሰበት። እኔ በጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ላስቀምጣቸው የምደክምላቸው ሁለቱ አለቶች ዓባይ ሸለቆ ውስጥ አንዱ በአንዱ ላይ ተኝተው ይገኛሉ።

የአጎቴ ድንጋይ ፈዛዛ ቢጫ ነው። ስብራቱ በመነጽር ሲታይ እንደ ጠመኔ የደቀቀ ጭቃማ መደብ ውስጥ የተበተኑ የዛጎል ስብርባሪዎች አሉት፤ አንዱ ጎድጎድ ያለና በላዩ ማበጠሪያ የመሰሉ መስመሮች ያሉበት፣ ከትንሿ ጣቴ ጥፍር የማይበልጥ ነው። ያንን ዛጎል ረጅም ሰዓት ተመለከትኩት።

ሳምንት 4

የጥግግት መለኪያ። ዘዴው ቀላል ነው፤ ደረቁ ድንጋይ ይመዘናል፤ ከዚያ ውሃ የያዘ ጎድጓዳ ሳህን ሚዛን ላይ ተቀምጦ ሚዛኑ ወደ ዜሮ ይመለስና ድንጋዩ በክር ታስሮ ውሃው ውስጥ ይንጠለጠላል። ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር ድንጋዩ የገፋው ውሃ ክብደት ነው፤ የድንጋዩ ክብደት ለዚህ ሲካፈል ጥግግቱ ይገኛል።

በመጀመሪያው ሙከራ ባዛልቱ 438 ግራም፣ የገፋው ውሃ 246 ግራም ሆኖ ጥግግቱ 1.78 ወጣ። ይህ ከኖራ ድንጋዩ በብዙ ያነሰ በመሆኑ ሁለት ምሽት ስሌቱን ስደጋግም ቆየሁ። ስህተቱ ከስሌቱ አልነበረም፤ ክሩ ረዝሞ ድንጋዩ የሳህኑን ወለል ስለነካ ሚዛኑ ከተገፋው ውሃ በተጨማሪ የድንጋዩን ክብደት በከፊል ይሸከም ነበር። ክሩን በሁለት ወንበሮች መካከል በተጋደመ የመጥረጊያ እንጨት ላይ አስሬ፣ ድንጋዩ ወለሉንም ጎኑንም እንዳይነካ አድርጌ ስደግመው 151 ግራም አነበብኩ፤ ጥግግቱ 2.90 ሆነ። የኖራ ድንጋዩ 396 ግራም ሲሆን የገፋው ውሃ 152 ግራም ነው፤ ጥግግቱም 2.61 ገደማ ነው። በመጠን እኩል የሚያክሉ ሁለት ድንጋዮች በእጅ ሲመዘኑ የሚሰማው ልዩነት ከዚህ ይመጣል፤ ባዛልት በብረትና በማግኒዚየም የበለጸጉ ከባድ ማዕድናት አሉት።

ውሃ የመምጠጥ ሙከራውን ለማድረግ ሁለቱንም ፀሐይ ላይ ሁለት ቀን አድርቄ፣ ሃያ አራት ሰዓት ውሃ ውስጥ አቆይቼ፣ ላያቸውን በጨርቅ ጠርጌ መዘንኩ። ባዛልቱ ከ438 ወደ 440፣ የኖራ ድንጋዩ ከ396 ወደ 404 ግራም ከፍ አሉ። በመቶኛ ሲሰላ የመጀመሪያው ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም፣ ሁለተኛው ሁለት በመቶ ነው። ሚዛኔ ከአንድ ግራም በታች ስለማያነብ የባዛልቱን ቁጥር በጣውላው ላይ የምጽፈው «ከ1 በመቶ በታች» ብዬ ነው።

የጥንካሬ ሙከራው አጭር ነበር፤ ሆኖም ሊያሳስተኝ ነበር። የብረት ምስማር የኖራ ድንጋዩን በቀላሉ ፋቀው። ባዛልቱ ላይም የሚያብረቀርቅ ግራጫ መስመር ተወ፤ «ይህም ተፋቀ» ብዬ ልጽፍ ስል በረጠበ ጣቴ ብጠርገው መስመሩ ጠፋ። ድንጋዩ ምስማሩን እንጂ ምስማሩ ድንጋዩን አልፋቀውም ነበር።

ሳምንት 5

የአሲድ ሙከራ። መጀመሪያ የተጠቀምኩት አቼቶ ነው። በኖራ ድንጋዩ ላይ ሲንጠባጠብ ደካማ አረፋ ይታያል፤ ድንጋዩ በመሮ ተፍቆ ከተፈጠረው ዱቄት ላይ ሲፈስስ ግን በግልጽ ይፈላል። ኋላ የኬሚስትሪ መምህሩ 10 በመቶ ሆኖ የተበጠበጠ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በትንሽ ጠብታ ጠርሙስ ሰጡኝ፤ በጓንትና በመነጽር፣ በረንዳ ላይ ሆኜ ሞከርኩት። አንድ ጠብታ እንደነካው ድንጋዩ ሿ ብሎ ፈላ። የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ የኖራ ድንጋይ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት፣ ማለትም ካልሳይት በተባለው ማዕድን የተሠራ ነው።

ለማመሳከር ያህል ከሐረጎ ያመጣሁትን ባለ ነጭ ነጠብጣብ ባዛልት አወጣሁና አንድ ጠብታ ጣልኩበት። ፈላ። የእጄ መንቀጥቀጥ እስኪሰማኝ ደነገጥኩ፤ የአራት ሳምንት ሥራ የቆመበት መለያ የተናደ መስሎኝ ነበር። ጠብታውን በውሃ አጥቤ በመነጽር እያየሁ፣ በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ጫፍ ጥቂት ጥቂት እየነከርኩ ነጥብ በነጥብ ሞከርኩት። የሚፈላው ጥቁሩ ድንጋይ አልነበረም፤ ነጩ ነጠብጣብ ብቻ ነበር።

ነገሩ ይህ ነው። ላቫው ሲቀዘቅዝ የጋዝ አረፋዎቹ ባዶ ቀዳዳ ሆነው ቀሩ፤ ከዚያ ለረጅም ዘመን በድንጋዩ ስንጥቅ ያለፈ ውሃ በውስጡ የሟሟውን ማዕድን እያስቀመጠ ቀዳዳዎቹን ሞላቸው። የሚፈሉት ነጠብጣቦች ካልሳይት የሞላባቸው ናቸው። ከአሥራ ሁለት ነጠብጣቦች ሰባቱ ፈሉ፤ ሦስቱ አልፈሉም፣ ከመሃል ወደ ዳር እንደ ጨረር የተዘረጉ ቀጫጭን ክሮች አሏቸው፤ እነዚህን ዜኦላይት ከተባለው የማዕድን ወገን አድርጌ መዝግቤያለሁ። የቀሩት ሁለቱ አልፈሉም፣ ጠርሙስም ይጭራሉ፤ የሲሊካ ወገን ናቸው። በአንድ የአውራ ጣት ስፋት ውስጥ ሦስት ዓይነት ሙሌት ማለት ነው። ይህን ቁራጭ ከሁለቱ ዋና ናሙናዎች ጋር በጣውላው ላይ ለማስቀመጥ ወሰንኩ፤ «አሲድ ሲነካው የሚፈላ ሁሉ ደለል አለት ነው» የሚል ተማሪ በራሱ እጅ እንዲሞክረው እፈልጋለሁ።

ሳምንት 6

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከደላንታ ሲመለሱ ነጣ ያለ ቀላል ድንጋይ አምጥተው «ይኸው ደለል አለት፣ ያንተን ገንዘብ ሳያስወጣ» አሉኝ። በእርግጥም ለእኔ መለኪያዎች ሁሉ ደለል ይመስላል፤ ይፋቃል፣ ውሃ ይመጥጣል፣ ሲዳስሱት አሸዋማ ነው፣ ስስ መስመርም አለው። ቢሆንም አሲድ ምንም አላደረገውም፤ በመነጽር ሲታይ ደግሞ በውሃ ተንከባልሎ ጠርዙ የተላጨ የአሸዋ ቅንጣት አንድም የለበትም። ቅንጣቶቹ ሹል ናቸው፤ መካከላቸው የተጨፈለቁ ስፖንጅ መሳይ ቁርጥራጮች አሉ። ይህ ከእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የወጣ አመድ ተከማችቶ የጠነከረበት አለት ነው። ኦፓል የተባለው የወገልጤና የከበረ ድንጋይ የሚወጣውም ከደላንታ ገደል ውስጥ ካለ እንዲህ ያለ የፍንዳታ አለት ንብርብር ነው።

እዚህ ላይ ድንበሩ የሚመስለውን ያህል ስለታም አለመሆኑን መቀበል ነበረብኝ። አመዱ የተወለደው ከእሳት ነው፤ የተኛው ግን እንደ ደለል ከአየር ወርዶ፣ ቅንጣት በቅንጣት ላይ ተከምሮ ነው። እኔ ከገሞራ ወገን መድቤዋለሁ፤ ምክንያቱንም በመለያው ላይ እጽፋለሁ። ለስላሳነት ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን ለተማሪዎች ለማስረዳት የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አነሳለሁ፤ እነዚያ የተፈለፈሉት ከገሞራ አለት ሲሆን ከትግራይ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎቹ ግን ከአሸዋ ድንጋይ፣ ማለትም ከደለል አለት ነው። መሮ ሁለቱንም በልቷል።

ሳምንት 7

መቁረጥ። ድንጋይ በእጅ ግራይንደር በደረቁ ሲቆረጥ የሚነሳው አቧራ ሳንባን ስለሚጎዳ ውሃ እየፈሰሰበት ወደሚቆርጠው የኮምቦልቻው ማሽን ወሰድኳቸው። ለኖራ ድንጋዩ 200 ብር፣ ለባዛልቱ 450 ብር ተጠየቅኩ፤ ባዛልት ምላጩን ስለሚጨርስ ዋጋው ተገቢ ነው።

የመጀመሪያው የኖራ ድንጋይ በመቆረጥ ላይ እያለ ለሁለት ተከፈለ። ሠራተኛው ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ሆኖም ስብራቱን ስናየው ቀጥ ያለ ነበር፣ በላዩም ወረቀት የሚያክል ግራጫ የሸክላ አፈር ንጣፍ ተለጥፎበታል። ድንጋዩ የተከፈለው ባሕሩ ውስጥ የዝቃጩ ዓይነት ለጥቂት ጊዜ በተለወጠበት የንብርብር መስመር ላይ ነው። ባዛልቱ ግን በመዶሻም ሲመታ የሚሰበረው እንዳጋጣሚ በማንኛውም አቅጣጫ እንጂ እንዲህ ባለ መስመር አይደለም። የተከፈለውን ጠፍጣፋ ገጽ ለጣውላው አስቀርቼ፣ ሁለተኛውን ድንጋይ ከንብርብሩ ጋር ሳይሆን ንብርብሩን አቋርጦ እንዲቆርጠው አደረግኩ። ይህኛው ተርፏል።

ለማለስለስ የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 80፣ 120፣ 220፣ 400 እና 800 ገዛሁ፤ ሁሉም 380 ብር። በጠፍጣፋ መስታወት ላይ ወረቀቱን አንጥፌ፣ እያረጠብኩ፣ በክብ አሸሁት። የኖራ ድንጋዩ በአንድ ምሽት አለቀ። ባዛልቱ አምስት ምሽት ወሰደ፤ ከቁጥር 120 ወደ 400 ዘልዬ ስለነበር የመጋዙ ጭረት አልጠፋ ብሎ እንደገና ወደ 220 መመለስ ግድ ሆነብኝ።

ሳምንት 8

ጣውላውን በቫርኒሽ ቀብቼ ናሙናዎቹን በሽቦ አሰርኩ፤ ሙጫ አልተጠቀምኩም፣ ተማሪው አንስቶ መያዝ አለበትና። እስከ ዛሬ የወጣው ወጪ፣ የተሳሳተውን እምነ በረድ ጨምሮ፣ 3,710 ብር ነው፤ የጣውላውንና የቫርኒሹን አናጺው ጎረቤቴ አላስከፈሉኝም።

በመጨረሻው ምሽት አሲዱን ለማሳየት ስለማመድ አንድ ጠብታ በለሰለሰው የኖራ ድንጋይ ገጽ ላይ ወደቀ። ወዲያው ባጥበውም የአንድ ብር ሳንቲም የሚያክል የደበዘዘ ክብ ቀረ፤ አሲዱ የላዩን ገጽ በልቶታል። በቁጥር 400 እና 800 እንደገና ሠራሁት። አሁን በመለያው ላይ «አሲድ በተሰበረው ገጽ ብቻ» የሚል በቀይ ቀለም ተጽፏል።

ዛሬ ክፍል አስገባሁት። ተማሪዎቹ በአምስት በአምስት ሆነው፣ መለያዎቹ በወረቀት ተሸፍነው፣ ድንጋዮቹን በምስማር፣ በመነጽርና በውሃ መረመሯቸው። ባለ ነጭ ነጠብጣቡን ባዛልት ሦስት ቡድኖች ደለል አሉት፤ አንድ ቡድን ግን ነጠብጣቡንና ጥቁሩን ለያይቶ ስለሞከረ በትክክል መለሰ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ የሐረጎውን ታሪክ ካዳመጠች በኋላ «መምህር፣ በላቫዎቹ መካከል ያለው ቀዩ መስመር ታዲያ ከየትኛው ወገን ይመደባል?» ብላ ጠየቀችኝ። አፈሩ ከባዛልቱ መበስበስ የተገኘ ነው፤ የተጠበሰው በላቫ ነው፤ ከሌላ ስፍራ ተጓጉዞ የተከማቸ ስለመሆኑ ግን ያየሁት ምልክት የለም። ናሙና ስላልያዝኩ መልስ አልሰጠኋትም። ቅዳሜ መሮውን፣ ከረጢቱንና የአሲዱን ጠርሙስ ይዤ ወደ ሐረጎ እወርዳለሁ፤ በጣውላው ላይም ከባዛልቱ አጠገብ የአንድ ድንጋይ ቦታ ክፍት ትቻለሁ።